የኩላሊት ሞራ አትጣሉት

ቅርጫ የተካፈለ ሰው ሁሉ ሞራን ያውቀዋል። በሬው ተገፎ ሆዱ ሲከፈት ኩላሊቱን እንደ ጋቢ ጠቅልሎት የሚወጣው ነጭ፣ ደረቅ ያለ ስብ ነው። እኛ ሰፈር መደቡ ተደልድሎ ዕጣ ሲወጣ የሰው ሁሉ ዓይን ጎድኑና ሽንጡ ላይ ነበር። ሞራው ቅጠል ላይ ጥግ ይዞ ይቆይና ወደ መጨረሻ "ማነው የሚፈልገው?" ይባላል። የሚፈልግ አይገኝም። ውሾቹ ብቻ ይፈልጉታል።

እኔም ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም። እንግሊዝ አገር መጥቼ የአንድ ስጋ ቤት መስኮት ላይ ያ የማውቀው ሞራ ዋጋ ተለጥፎበት፣ ከስቴኩ አጠገብ በክብር ተቀምጦ ሳየው ግን ቆም አልኩ። ማታ ለእማዬ ደውዬ ስነግራት "ገንዘብ ከፍለሽ ሞራ? ምን ነካሽ ልጄ!" ብላ ሳል እስኪይዛት ሳቀች። ብትስቅም ገዛሁት። የመጀመሪያውን አበላሸሁት፣ ሁለተኛውንም አበላሸሁት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ገባኝና አሁን ብርዱ ሲጀምር ከፍሪዘሬ አይጠፋም።

እኔ ሁለቴ ያበላሸሁትን እናንተ እንዳትደግሙት፣ የማውቀውን እነሆ።

ሞራ የቱ ነው?

በደፈናው ስብ እንበለው እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ምድጃ ላይ ሲወጣ ደግሞ አንዱ ከሌላው በጣም ይለያል። ጮማ ከስጋው ጋር የተያያዘው፣ ጥሬውን በአዋዜ የምንበላው ነው። ላት የበግ ጭራ ላይ የሚጠራቀመው ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይቀልጣል። ሞራ ከሆድ ዕቃ ጋር የሚወጣው ሲሆን እሱም ራሱ ሁለት ነው። አንደኛው ጨጓራና አንጀቱን እንደ ዳንቴል የሚሸፍነው ስስ መረብ ነው፤ ሞራ ገላጮች ዘርግተው መጪውን ጊዜ የሚያነቡበት እሱ ነው። ሁለተኛው ኩላሊቱን ከቦ የሚቀመጠው ወፍራሙ ነው። እንግሊዞች ሱዊት የሚሉት ይህን ወፍራሙን ነው። የበግም አለ፣ ወጥ ቤት የሚፈለገው ግን በብዛት የበሬው ነው።

በጣት ጫን ስትሉት ይታወቃል። ጮማ ይለጠጣል፣ ይንሸራተታል። የኩላሊት ሞራ ግን እንደ ደረቀ አይብ ፍርፍር ይላል። ዋጋ ያሰጠውም ይሄ መፈርፈሩ ነው።

ስሙን ስትጠሩ "ሱ" የምትለዋ ላይ ረገጥ አድርጉ። እኔ መጀመሪያ ቀን ስጠይቅ ሰውየው "ስዊት" ያልኩ መስሎት በጣቱ ማዶ ያለውን የከረሜላ ሱቅ አሳየኝ።

ከቅቤ በምን ይለያል

ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። እጅ ላይ ትንሽ ሲቆይ የሚልመው ለዚህ ነው። የኩላሊት ሞራ ግን ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም። ቀልጦም ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ መርጋት ይጀምራል። የሰው አፍ ሙቀት 37 አካባቢ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ሞራ የሚያምርበትም የሚያሳፍርበትም ምክንያት እዚሁ ውስጥ አለ።

የሚያሳፍረውን ላስቀድም። አንድ ቅዳሜ እንግዳ ጠርቼ ንጥር ቅቤ አልቆብኝ ኖሯል። "ስብ ያው ስብ ነው" ብዬ ጥብሱን በሞራ ጠበስኩት። ከምጣዱ ሲወጣ ሽታው ጎረቤት ይጠራ ነበር። ሰው በላ፣ ጨዋታው ደራ፣ ወሬው ሲረዝም የሳህኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ብቅ ማለት ጀመረ። ቡናው ሲፈላ እንጀራው ሻማ የተንጠባጠበበት መስሎ አረፈ። አንዷ እንግዳ ምላሷን ከላንቃዋ እያላቀቀች "ይሄ የየት ቅቤ ነው?" አለችኝ። የሰማሁ አልመሰልኩም።

ስለዚህ ሞራ የንጥር ቅቤን ቦታ አይተካም። ዶሮ ወጥ ላይ አታስቡት። ክትፎ ላይማ ጭራሽ፤ ክትፎ ለብ እንዳለ ነው የሚበላው፣ ሞራ ደግሞ በለብታ ይረጋል። በሞራ የተሠራ ነገር እየፋጀ ይቀርባል፣ እየፋጀ ይበላል። ምናልባት ስጋው ድርቅ ያለ ቀይ ከሆነባችሁ፣ ለአንድ ኪሎ ጥብስ 30 ግራም የምትሆን የተፈቀፈቀች ሞራ ምጣዱ ላይ ጣል አድርጋችሁ በላዩ ላይ ብትጠብሱ ጥሩ ነው፤ ይህን ያህል ብትረጋም አትታወቅም። የተፈጨ ስጋ ላይም እንዲሁ ነው። ስብ የሌለው ስጋ አስፈጭታችሁ በርገር ስትሠሩ ከክብደቱ አንድ አስረኛ ያህል የተፈቀፈቀ ሞራ ብትጨምሩበት አይደርቅባችሁም።

የሚያምርበት ቦታ ሊጥ ውስጥ ነው። ቅቤ ሊጥ ውስጥ ሲገባ ገና ሙቀት ሲነካው ቀልጦ ዱቄቱ ውስጥ ይሰርጋል። ሞራ ግን ፍንክች አይልም። ሊጡ እየነፋና እየጠና ሲመጣ እያንዳንዷ ፍርፋሪ ቦታዋን እንደያዘች ትቆያለች፣ ዘግይታ ስትቀልጥ ደግሞ የነበረችበትን ቦታ ክፍት ትታ ትሄዳለች። ሊጡ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል፣ ዓይኑ ግን ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ሲቆረስ ስፖንጅ የሚመስለው።

ሁለተኛው ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። ይቀላል ብዬ ሞራውን አቅልጬ ዱቄቱ ላይ አፈሰስኩት። የወጣው ነገር በር ማስደገፊያ ይሆን ነበር። ለሊጥ ከሆነ ሞራው ጥሬ፣ ቀዝቃዛና የተፈቀፈቀ መሆን አለበት። ዱቄቱም ውሃውም ቀዝቃዛ ይሁን። እጃችሁ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ በቢላ አደባልቁት።

ስትገዙና ስታዘጋጁ

ጥሩ ሞራ ነጭ ነው፣ ሲነኩት ደረቅ ነው፣ ሽታ የለውም። ሳር ብቻ የበላ ከብት ሞራው ወደ ቢጫ ሊያደላ ይችላል፣ ክፋት የለውም። ግራጫ ከመሰለ፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ ወይም የከረመ ዘይት ከሸተተ ተዉት። እንግሊዝ አገር ስጋ ቤቶች በርካሽ ይሸጡታል፤ ደንበኛ ከሆናችሁ አንዳንዱ በነፃም ይሰጣል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የልኳንዳውን ሰው ቀደም ብላችሁ "የኩላሊቱን ሞራ አስቀምጥልኝ" በሉት። ግራ ተጋብቶ ያያችኋል፣ ግን ያስቀምጥላችኋል።

እዚህ እንግሊዝ ደግሞ የአትክልት ዕቃ መሸጫ ሱቆች ውስጥ ሱዊት የሚል የተጻፈበት ርካሽ ድቡልቡል ነገር ታገኛላችሁ። እሱ ለወፍ ነው። በብርድ ጊዜ ዛፍ ላይ ሰቅለው ወፎች የሚያበሉት መኖ ነው። እንዴት እንዳወቅሁት አትጠይቁኝ።

ቤት ስትደርሱ ሞራውን ፍሪዘር ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል አስገቡት። ጠንከር ሲል የሸፈነውን ስስ ቆዳ ግፈፉት፣ የደም ሥር ካለ ምዘዙት፣ ቀይ ስጋ የተጣበቀበት ካለ ቁረጡት። ቆዳው ሲቀቀል አይሟሟም፣ ጥርስ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አትስነፉ። ከዚያ በመፈቅፈቂያው በሰፊው ቀዳዳ በኩል ፈቅፍቁት። በየመሃሉ ትንሽ ዱቄት ነስነስ ካላደረጋችሁበት እርስ በርሱ ተያይዞ ኳስ ይሆናል። በ100 ግራም በ100 ግራም ከፋፍላችሁ በላስቲክ ብትይዙት ኋላ ያመቻችኋል። ጥሬው ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ወራት ይቆያል።

ይህን ሁሉ ልፋት የማይፈልግ በካርቶን የተፈቀፈቀ መግዛት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1893 ማንችስተር ውስጥ ገብርኤል ሁጎን የሚባል ፈረንሳዊ ሚስቱ ሞራ ስትከትፍ ስትቸገር አይቶ ነው አሉ፣ በማሽን የተፈቀፈቀ ሞራ መሸጥ የጀመረው። አቶራ ብሎ ሰየመው፤ ቶሮ በስፓኒሽ በሬ ማለት ነው። እስከዛሬ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ አለ። የካርቶኑ እንዳይያያዝ ተብሎ የስንዴ ዱቄት የተነሰነሰበት ስለሆነ ስንዴ የማይስማማው ሰው ይጠንቀቅ። ለዳምፕሊንግ፣ ማለትም መረቅ ላይ ለሚበስለው የሊጥ ድቡልቡል፣ የካርቶኑ ይበቃል። ለማንጠር ግን የግድ ከስጋ ቤት መሆን አለበት፤ የካርቶኑ ዱቄት ያርርባችኋል።

ከዳምፕሊንግ ጀምሩ

ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል የለም። ያስተማሩኝ ታችኛው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ እንግሊዛዊት አሮጊት ናቸው። ሚዛን አልነበራቸውም፤ ዱቄት ሁለት እጅ፣ ሞራ አንድ እጅ፣ አለቀ። እኔ ሚዛን ላይ አውጥቼው 100 ግራም ዱቄት ለ50 ግራም ሞራ ሆነ። ዱቄቱ ቤኪንግ ፓውደር ተቀላቅሎበት የሚሸጠው ይሁን፤ ካጣችሁት ተራ የፉርኖ ዱቄት ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጨምሩበት። ጨው ቆንጥር፣ ቁንዶ በርበሬ እንደምትወዱት። ቀዝቃዛ ውሃ አራት አምስት የሾርባ ማንኪያ፣ ቀስ በቀስ።

አታሹት። እንደ ዳቦ ሊጥ ካሻችሁት ይጠናል። በቢላ ወዲያ ወዲህ አድርጋችሁ ልክ ሲያያዝ አቁሙ፤ ትንሽ ቢጣበቅ ይሻላል። እጃችሁን ዱቄት አስነክታችሁ ትንሽ ሎሚ የሚያህሉ ስምንት ድቡልቡሎች አድርጉት። ጊዜ አትስጡት፤ ውሃ ሲነካው ቤኪንግ ፓውደሩ ሥራ ጀምሯልና ወዲያው ወደ ድስቱ።

ድስቱ ውስጥ ያለው ስጋ በሽንኩርት፣ በካሮትና በድንች የተቀቀለ፣ መረቁ ብዙ የሆነ ነገር መሆን አለበት። ስጋው ሊበስል 20 ደቂቃ ሲቀረው ድቡልቡሎቹን መረቁ ላይ ራቅ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ በመጠን እጥፍ ስለሚሆኑ ቦታ ይፈልጋሉ። እሳቱ ቀስ ብሎ የሚንተከተክ ይሁን። ክደኑት። አሮጊቷ እዚህ ላይ ጣታቸውን ቀስረው "ክዳኑን ከከፈትሽ አላውቅሽም" ነበር ያሉኝ። የላይኛው ግማሽ የሚበስለው በእንፋሎቱ ነው፤ ከከፈታችሁት እንፋሎቱ ይወጣና ሊጡ ይተኛል። 20 ደቂቃ ሲሞላ ክፈቱት። አንዱን ለሁለት ቅደዱት፤ መሃሉ ነጭ ሊጥ ካልታየና ዓይን ካወጣ ደርሷል።

በኛ ምግብ ላይ የሚሄደው ቅቅል ነው። መረቁ ቀጭን ነው፣ ዝንጅብሉና ቃሪያው ያለበት ሆኖ ዳምፕሊንጉ ሲጠጣው፣ እኔ ከእንግሊዞቹ ይልቅ የራሴን እመርጣለሁ። ቀይ ወጥ ላይም ሞክሬው ነበር። ወጡ ወፍራም ስለሆነ ሊጡ መንሳፈፊያ አጣ፤ ከስሩ አረረ፣ ከላዩ ጥሬ ሆነ። ወጡን ካላቀጠናችሁት አይሆንም፤ ቀይ ወጥ አቅጥኖ ማቅረብ ደግሞ ሌላ ሐሜት ነው።

ፑዲንግ፣ ግን ጣፋጭ ያልሆነው

እንግሊዞች ፑዲንግ ሲሉ ሁልጊዜ ጣፋጭ ማለታቸው አይደለም። የበሬ ስጋና ኩላሊት ሊጥ ውስጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል ፑዲንግ አላቸው፤ ከሞራ ሥራዎች ሁሉ ለኔ ትልቁ እሱ ነው። ቀኑ ዝናብ፣ ሰዓቱ እሑድ ከሰዓት መሆን አለበት፤ ጊዜ ይበላል።

ሊጡ ያው የሁለት ለአንድ ነው። 300 ግራም ዱቄት፣ 150 ግራም ሞራ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ180 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ። ለዳምፕሊንግ ከሆነው ትንሽ ጠንከር ይበል፣ ሊዳመጥ ስለሆነ። አንድ አራተኛውን ለክዳን አስቀሩ። ቀሪውን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ወፈር አድርጋችሁ ዳምጡና ቅቤ የተቀባ፣ 1.2 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሙቀት የሚችል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አልብሱት። ጠርዙ ትንሽ ወደ ውጭ ይትረፍ።

ውስጡ የሚገባው 700 ግራም ያህል የወጥ ስጋና 200 ግራም ኩላሊት ነው። ጥሬውን ጨምሮ አራት አምስት ሰዓት በእንፋሎት ማብሰል የድሮው ሥርዓት ነው። እኔ ግን ስጋውን በሽንኩርትና በመረቅ ቀድሜ እስኪላላ አበስለውና አቀዘቅዘዋለሁ። በደንብ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ለብ ሲል አይበቃም፤ ትኩሱን ከጨመራችሁት ሞራው ሊጡ ውስጥ እያለ ይቀልጥና ያ በር ማስደገፊያ ተመልሶ ይመጣል። የተረፈ ምንቸት አብሽ ካላችሁ ከፍሪጅ አውጥታችሁ እንዳለ ጨምሩት። እንግሊዝ ይስማ አይስማ ግድ የለኝም፣ ከኩላሊቱ ይጣፍጣል።

የሊጡን ክዳን ግጠሙ፣ ጠርዙን በውሃ አርጥባችሁ ቆንጥጡት። ከላይ ቅቤ የተቀባ የመጋገሪያ ወረቀትና ፎይል መሃሉ ላይ አንድ እጥፋት አድርጋችሁ አልብሱ፤ ሊጡ ሲነፋ እጥፋቱ ይለቅለታል። በሲባጎ ዙሪያውን ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ከሲባጎው ላይ ደግሞ ማንጠልጠያ አብጁለት፣ አለበለዚያ ስታወጡት እጃችሁን ትቃጠላላችሁ። ትልቅ ድስት ውስጥ የተገለበጠ ሳህን አስቀምጡ፣ ፑዲንጉን ላዩ ላይ አድርጉ፣ የፈላ ውሃ እስከ ወገቡ ሙሉ፣ ክደኑና ለሁለት ሰዓት በቀስታ ይንተክተክ። ውሃው ሲጎድል የምትጨምሩት የፈላ ውሃ ይሁን።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር። እዚያ ከፍታው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ ለንደን ለሁለት ሰዓት የተጻፈ ነገር እዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የፈረንጅ መጽሐፍ አይታችሁ "እኔ ጋ ለምን ጥሬ ይሆንብኛል" የምትሉ፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ጣፋጩን በአጭሩ፦ 200 ግራም ዱቄትና 100 ግራም ሞራ በትንሽ ስኳር አቡክታችሁ አራት ማዕዘን ዳምጡት፣ ማርማላታ ቀቡት፣ ጠቅልሉት፣ በወረቀትና በፎይል ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑና 180 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ ለአንድ ሰዓት ገደማ። ዘቢብ ሊጡ ውስጥ ብትጨምሩም ይሆናል። የስጋ ጣዕም አይመጣም ወይ ትላላችሁ፤ አይመጣም፣ ጥሩ ሞራ የራሱ ጣዕም እምብዛም የለውም። የፈረንጆቹ የገና ፑዲንግም ያለ ሞራ አይሆንም፣ እሱ ግን የብዙ ሰዓት ሥራ ነው፣ ራሱን ችሎ ይጻፍበታል።

ማንጠር

ቅቤ ማንጠር የለመደ ሰው ሞራ ለማንጠር ብዙ ትምህርት አያስፈልገውም። አንድ ኪሎ ሞራ ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ፤ በደቀቀ ቁጥር ብዙ ይወጣዋል። ታቹ ወፍራም ድስት ውስጥ ከአንድ ኩባያ ውሃ ጋር ጨምሩትና ትንሹ እሳት ላይ ጣዱት። ውሃው መጀመሪያ ላይ እንዳያርር ነው፣ ኋላ ተንኖ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ አልፎ አልፎ አማስሉት። መስኮት ክፈቱ፣ ካፖርታችሁን ከወጥ ቤቱ አርቁ፤ እኔ አንዴ ሽታውን ይዤ ሥራ ሄጃለሁ።

ጆሯችሁን ስጡት። ውሃው እስኪያልቅ ይንጣጣል። ጣጣታው ሲበርድ፣ ፈሳሹ ጠርቶ ታቹ ሲታይ፣ ቁርጥራጮቹም ወርቅማ ሲሆኑ አውርዱት። ቡናማ እስኪሆን ከጠበቃችሁ ይመራል። ትንሽ ይብረድና በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልሉት፣ ደረቅ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ገልብጡት። ጠርሙሱ ደረቅ ይሁን ስል የምሬን ነው፤ የውሃ ጠብታ ካለ ይሻግታል። ከኪሎው 700 ወይም 800 ግራም ያህል ይወጣል፤ ሲረጋ እንደ ሻማ ነጭ ይሆናል። ፍሪጅ ውስጥ ወራት ይቆያል። ጨርቁ ላይ የቀረው ፍርፋሪ ገና ትኩስ እያለ ጨውና ሚጥሚጣ ነስነስ ቢደረግበት፣ እኔ ቤት ሳህን ላይ አይደርስም።

የነጠረው ለመጥበሻ ነው፣ በተለይ ለድንች። ቤልጂጎች ችፕሳቸውን በበሬ ስብ መጥበስ የቆየ ልማዳቸው ነው። ማክዶናልድስም አሜሪካ ውስጥ እስከ 1990 ድረስ የሚጠብሰው በአብዛኛው የበሬ ስብ በሆነ ቅልቅል ነበር፤ "የድሮው ችፕስ ይሻል ነበር" የሚሉ ሰዎች ትዝታ ብቻ አይደለም የያዛቸው። አጠባበሱ ሁለት ጊዜ ነው። ድንቹን አንድ ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ፣ እጠቡ፣ በፎጣ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁ። 150 ዲግሪ ላይ አምስት ስድስት ደቂቃ ጠብሳችሁ ሳይቀላ አውጡት። ይቀዝቅዝ። ከዚያ 180 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ እስኪቀላ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አንድ ድንች ጣል አድርጉ፤ በዝግታ አረፋ ካወጣ የመጀመሪያው፣ ወዲያው ከተንጫጫ ሁለተኛው ሙቀት ነው።

ድስቱን ከሲሶ በላይ በስብ አትሙሉት። እርጥብ ድንች አትጨምሩበት። እሳት ከያዘ ውሃ እንዳትደፉበት፤ ምድጃውን አጥፉ፣ ክዳን ግጠሙበት፣ እስኪበርድ አትንኩት።

ሰው ከመጋበዛችሁ በፊት

ሞራ የፍስክ ነው፣ ያ ግልጽ ነው። ግልጽ ያልሆነው ታኅሣሥ ላይ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚዞረው ሚንስ ፓይ ነው። ስሙ ስጋ ይመስላል፣ ውስጡ ዘቢብና ፖም ነው፣ ስለዚህ ጾመ ነቢያት የያዘ ሰው "ፍራፍሬ ብቻ ነው" ብሎ ያነሳዋል። የጥንቱ አሠራር የበሬ ሞራ አለበት። አሁን ብዙዎቹ ከአትክልት ስብ በተሠራ ይሠሩታል፣ ሊጡ ግን ቅቤ ሊኖርበት ስለሚችል ጀርባውን አንብቡ። ለጾም ዳምፕሊንግ ያማራችሁ ከዘንባባ ዘይት የሚሠራ የአትክልት ሱዊት ካርቶን አለ፤ ምስር ሾርባ ላይ ይሄዳል፣ ትንሽ ጠንከር ይላል እንጂ።

ሙስሊም እንግዳ ካላችሁ ሞራው ከሐላል ስጋ ቤት የተገዛ ይሁን፤ የሱፐርማርኬቱ ካርቶን ያንን አያረጋግጥላችሁም። ቤተ እስራኤል ወይም ሌላ አይሁዳዊ እንግዳ ካላችሁ ደግሞ ከየትም ቢገዛ አይሆንም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 3 ኩላሊቶቹንና በላያቸው ያለውን ስብ ለመሥዋዕት ይለየዋል፣ ስብና ደም እንዳይበላም ያዛል። ከብቱ በሥርዓቱ ቢታረድም ይህ ስብ አይበላም። አንዲት ከእስራኤል የመጣች ጓደኛዬ ይህን እስክትነግረኝ ድረስ በኩራት ፑዲንግ ላቀርብላት እያሰናዳሁ ነበር።

ስለ ጤናውም አልሸፍንም። ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ስብ ነው፤ ኮሌስትሮል ያለበት ሰው ወይም ሐኪሙ "ስብ ቀንስ" ያለው ሰው ዘወትር የሚበላው ነገር አይደለም። እኔ በወር አንዴ ሁለቴ ነው የምሠራው፣ ያውም በብርዱ ወራት።

ድስቱን ስታጥቡ

ትርፍ ስብ የእቃ ማጠቢያው ጉድጓድ ውስጥ አትድፉ። 40 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል ብለናል አይደል? ቱቦው ውስጥም ይረጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ዋይትቻፕል ሰፈር ከመሬት በታች ባለው የፍሳሽ መስመር ውስጥ 250 ሜትር የሚረዝም፣ 130 ቶን የሚመዝን የረጋ የስብና የቆሻሻ ክምር ተገኝቶ ነበር። ቆርጠው ቆርጠው ነው ያወጡት፤ ቁራጩንም ሙዚየም አስገብተው ሰው አይቶታል።

ስለዚህ ድስቱ ለብ ብሎ ስቡ ሳይረጋ በወረቀት ጥረጉት፣ ወረቀቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉ፣ ከዚያ በሚፋጅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ከረጋባችሁ በቀዝቃዛ ውሃ አትታገሉ፤ ምድጃው ላይ ትንሽ አሙቁትና እንደገና ጥረጉ። ችፕስ የተጠበሰበት ስብ ካላረረ አጥልላችሁ መልሱት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያገለግላል። ዓሣ የተጠበሰበትን ግን ለብቻው አስቀምጡ፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ድንች ዓሣ ዓሣ ይላል።